ከጋሽ ተሰማ ጋር ወደ ወጨጫ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች ጋሽ ተሰማ ደጃፍ ላይ እንሰበሰባለን። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ የደን ዘበኛ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የከሰል ምድጃቸውን በር ላይ አውጥተው፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ስለ ወጨጫ ተራራ ያወሩልናል። ጉሬዛ ነጩን ካባ ከማን እንደ ወረሰ፣ ነብር ለምን ከጽድ ሥር እንደማይተኛ የሰማነው ከእሳቸው ነው። ተረቱ ከየትም ቢነሣ ማብቂያው የተራራው ጫፍ ነበር። እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ድንጋዩ ላይ የቆመ ሰው ከተማውን በሙሉ ያያል፣ ዓይኑ ደህና ከሆነም የልደታን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይለያል ይሉን ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ በአምስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ዳዊት አንድ ምሽት «ጋሼ፣ ለምን አይወስዱንም?» አላቸው።

ፍሙን ትንሽ ቆሰቆሱና «መንገዱ ቀላል ነው። በጠዋት ከተነሣን ሳይመሽ እንመለሳለን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ተረቱ ቀርቶ ወሬው ሁሉ ዝግጅት ሆነ። የካርቶን ጀርባ ላይ መንገዱን በከሰል ሣሉልን። ውኃውን፣ ቆሎውን፣ የተቀቀለውን ድንች ማን እንደሚይዝ ደለደሉ። የሸራ ጫማዬን ሶል ገልብጠው አዩና እናቴን «ይሄ ያንሸራትታታል» ብለው የአክስቴን ልጅ ጫማ አስዋሱልኝ። እናቴም ከአጠገባቸው ንቅንቅ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ አሸዋ የሚያመላልስ ጎረቤታችን በአይሱዙው ደኑ መግቢያ ድረስ አደረሰን። ሰባት ልጆች ነበርን። ከጽዱና ከዝግባው በታች መሬቱ እርጥብ ነው፤ ጋሽ ተሰማ እያንዳንዱን ዛፍ በእጃቸው እየነኩ ስሙን ይነግሩናል። እርምጃቸው ቀስ ያለ ቢሆንም የሚያመነታ አልነበረም። ዛፎቹ ሳሳ ማለት ከጀመሩበት ስንደርስ ግን የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«ጉልበቴ ነው። ዳዊት፣ አንተ ይዘሃቸው ውጣ» አሉ። ሁሉም እየተሯሯጡ ወጡ፤ እኔ ቀረሁ።

ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ከዚህ በላይ ወጥቼ አላውቅም» አሉ።

ግንዱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሥራዬ የደኑ በር ላይ ነበር፣ ልጄ። ከበሩ ርቄ የመጣሁት እዚህ ድረስ ነው። የላዩን የነገሩኝ ሲወርዱ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው።»

«ታዲያ ልደታ አይታይም?»

«አንዱ ይታያል አለኝ። ሌላው ጉም ብቻ ነው አለኝ። እኔ የሚታየውን መረጥኩላችሁ።»

መናደዴን አስታውሳለሁ፤ አልቅሼም ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ግን ያደረግኩት ዱላቸውን አንሥቼ ማቀበል ነው። «እንሂድ እንግዲህ፣ ጋሼ» አልኩ። አዩኝና ተነሡ። ሃያ እርምጃ ሄደን እናርፋለን፣ እንደገና ሃያ እንሄዳለን። አጋማሽ ላይ ልጆቹ ሲወርዱ ተገናኘን።

«ጉም ነው! ምንም የሚታይ ነገር የለም!» አለ ዳዊት። ፊቱ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ዋሽተውናል።»

«ጉሙን ልየው» አሉና አልፈውት ሄዱ።

ጫፉ ላይ ነጭ ጉምና ነፋስ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ግን አለ፣ ከተነገረን ያነሰና ሽበት የመሰለ ነጭ ሻጋታ የበዛበት። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ሌሎቹም አንድ ባንድ ተመልሰው መጡ። ቆሎውን እዚያው በልተን ወረድን። ዳዊት እስከ ቤት ድረስ ከጋሽ ተሰማ ርቆ ሄደ።

የዚያን ዕለት ምሽት መብራት አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ምድጃውን አወጡ። ስንሰበሰብ «እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ የሰው ነው፤ ጫፉን አይቼው አላውቅም ነበር። የዛሬው የራሴ ነው» አሉና ስለ ጉሙ ማውራት ጀመሩ፤ እንዴት እጅ ላይ እንደሚቀዘቅዝ፣ ድምፅን እንዴት እንደሚውጥ። ዳዊት ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ በርጩማውን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ግቢው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጋሽ ተሰማም አርፈዋል። አሁን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ደን ለመሄድ ስንነጋገር መንገዱን የምሥለውና ስንቁን የምደለድለው እኔ ነኝ። የነብሩና የጉሬዛው ተረት መሐሉ ጠፍቶብኛል፤ ለልጆቼ ስነግር የምሞላው ከራሴ ነው። በጉሙ ወሬ ላይ ግን አንድ ቃል አልጨምርም።