ባለቤት የሌለው ቁጥር

በጥፊ የመታኝ ሰውዬ መዳፌ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ገና አንብቦ አልጨረሰም ነበር። «የማን ስልክ ነው?» አለኝ። ከወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ የምንሄድበትን ሚኒባስ ያስቆሙት የታጠቁ ሰዎች አለቃ ነው። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልናገርም፤ ዱላው ወገን አልነበረውም።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሰኞ ለተማሪዎቼ የማሳየውን ትልቅ ብቸኛ ቁጥር እንዳልረሳው በእስክርቢቶ እጄ ላይ ጽፌዋለሁ። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው፤ አሥር አሃዝ ይወጣዋል። ከሁለት ቢሊዮን ይበልጣል፣ ግን ከራሱና ከአንድ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ይህን ለማረጋገጥ እስከ አርባ ስድስት ሺህ ገደማ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጥንዱ ከታች ይገኝ ነበርና። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል።

«ጌታው፣ ስልክ አይደለም። ቅርጫ ገብተው ያውቁ የለ? በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። ይህ ግን በስንት መደብ ቢሞክሩት እኩል አይወጣም» አልኩት። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው።

አለቃው ገበሬ ነበር፤ እጁ ያስታውቃል። አሰበ። እኔም ተስፋ አደረግኩ።

«እኩል አልወጣ ካለ ቢላዋው ደንዟል ማለት ነው» አለና በሰደፍ አፌን አለኝ። ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁ። በሆዴ አስተኝተው ገረፉኝ፤ መዳፌን በጫማ ሲረግጡት ጣቴ ሲሰበር ሰማሁት። አንድ ስም ብጠራ ያቆማሉ። ግን የማንን? የጠራሁት ሰው ቤት ይሄዳሉ። «ስልክ አይደለም» አልኩ ደግሜ።

«እንግዲያው እንደውልለታ!» አለ አለቃው። ስልክ በሁለት አይጀምርም፤ ከፊቱ አሃዝ ቆርጠው፣ ሌላ አሃዝ ቀጥለው፣ እንደሚመቻቸው አስተካክለው ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ደወሉ። ጠራ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ። ከኋላው በሬ የሚነዱ ሰዎች ይሰማሉ።

«የት ነህ አንተ?»

«እስቴ ነኛ፣ አውድማ ላይ። ገብስ እየወቃን ነው። ማን ልበል ጌታው?»

«ዝጋው! ስልኩን ዝጋና ሽሽ!» ብዬ ጮህኩ። የማላውቀው ሰው በእኔ ቁጥር እንዳይሞት ፈርቼ ነው።

አለቃው ሳቀ። «ይኸው፣ አወቀው!» አለና የተሰበረውን ጣቴን ደግሞ ረገጠው። ሰውዬው አሁንም «አሎ? አሎ?» ይላል። ከታጣቂዎቹ አንዱ እስቴ ላሉት ጓደኞቹ ሊደውል መንገዱ ዳር ወዳለ ጉብታ ሮጠ።

እኔን ሲመሻሽ መንገድ ዳር ጥለውኝ ሄዱ።

ዛሬም አስተምራለሁ፤ ጣቴ ጠመኔ ባይዝልኝም ያን ብቸኛ ቁጥር ለተማሪዎቼ በቃሌ እጠራላቸዋለሁ። አለቃው የደወለበትን ቁጥር ግን አላየሁትም። በገበያ ቀን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እሄድና ገብስ ሻጮቹን እየዞርኩ ዋጋ እጠይቃለሁ። ገብስ አልገዛም። ድምፃቸውን ልስማ ብዬ ነው። የእሱን እስካሁን አልሰማሁም።