ማግኔቱ ሲቆም

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። እጄ ጠመኔ እንደነካው ነበር፤ በአንድ እጄ ማግኔት፣ በሌላው የሽቦ ጥቅልና ከመጫወቻ መኪና የፈታኋት ትንሽ አምፖል ይዣለሁ። ሁሉንም ተቀበሉኝ። አምቦ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የዚያን ቀን ትምህርት ኢንዳክሽን ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ያልባል፣ የሽንት ባልዲው ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። ከመስኮቷ ውጭ ምሰሶ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቀኑን ሙሉ እምምም ይላል።

አጠገቤ የተኙት ጊንጪ ላይ የእህል ወፍጮ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ባርሲሳ፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ ይሉኛል።

«ባርሲሳ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ኢንዳክሽን አስተምሬ።»

«እሱ ደግሞ የማን ፓርቲ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ማስተማር ልማድ ሆኖብኝ ወደ መስኮቱ አሳየኋቸው። «ያ የሚያጉረመርመው ዕቃ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለ። አይነካኩም። በአንዱ ኤሌክትሪኩ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ማግኔቱ ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ ሁለተኛው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። የእርስዎም የወፍጮ ሞተር የሚዞረው በዚሁ ነው።»

«ሳይነካካ?»

«ሳይነካካ።»

«ወይ ጉድ! እንግዲያ እኔም በዚሁ ወንጀል ነው የገባሁት!»

በማግስቱ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ያንሰኛል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ዕቃዬ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

«‹ጂጂራምኒ ዮ ሂን ጂሬ፣ ሁምኒ ሂን ጂሩ› ብለሃል? ለውጥ ከሌለ ኃይል የለም?»

«ብያለሁ።»

«የሚነሳውም ይቃወማል ብለሃል።»

«የሚነሳው ኤሌክትሪክ ያስነሳውን ለውጥ ይቃወማል ነው ያልኩት። ትምህርቱ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አምፖሏን ከሽቦው ጋር አሰርኩና ማግኔቱን በጥቅሉ ውስጥ ቶሎ ቶሎ አመላለስኩት። አምፖሏ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ሰውዬው እንደ ተማሪ አንገቱን አሰገገ። «ባትሪ የለውም?»

«የለውም።»

«አቁመው።»

ማግኔቱን ጥቅሉ ውስጥ እንዳለ ተውኩት። አምፖሏ ጠፋች።

«ማግኔቱ እዚያው ነው። ለምን ጠፋ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። መልሱ ወዴት እንደሚወስደኝም አውቃለሁ። አምፖሏን ከሽቦው መፍታት ጀመርኩ።

«ሚስትህ ወሯ ገብቷል አሉ» አለኝ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ። «እኔ ያልኩት እንቅስቃሴ ነው፤ ለውጥ የሚለውን የጨመሩት ተማሪዎቹ ናቸው በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«እንቅስቃሴ ብልስ ይሻለኛል?»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። ሚስቴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ በዚህ ሆዷ ብቻዋን ደረጃ ስትወጣ። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደግሞ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆቼ መጡብኝ። እነሱንም በእኔ ቃል ለቅመው ያመጧቸዋል።

«ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ልጆቹ የሰሙት ያልኩትን ነው። የጠፋውም ለውጥ ስለቆመ ነው።»

ሽቦውን እንደነበረው በሥርዓት ጠቀለልኩና ማግኔቱን ከላዩ አስቀመጥኩለት። «እንዳይጠፋ አደራ። የትምህርት ቤት ንብረት ነው።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ዝም ብሎ ይመሻል፣ ይነጋል፤ የሚጠራኝም የለም። አንድ ቀን የሚስቴ እህት ከበር ያቀበለችው ምሳ ገባ። ስከፍተው ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ።

ኦቦ ብድግ አሉ። «ማርቃ! ባርሲሳ፣ ወልዳለች!»

ወንድ ይሁን ሴት፣ እናቲቱስ እንዴት እንዳለች ገንፎው አይናገርም። እልል የሚል የለም። ዘብ እንዳይሰማን ኦቦ ትከሻዬን ይዘው በጆሮዬ መረቁኝ፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከተፈታሁ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያ ለውጥ የሚለው ቃል የሁሉም አፍ ማሟሻ ሆነ። ያንን መርማሪ አንድ ስብሰባ ላይ አየሁት፤ ከመድረክ ሆኖ «ከለውጡ ወዲህ» ይላል፣ ደግሞም ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔ ንዴቴ አላስቀመጠኝም፤ ወጣሁ። አሁንም ክፍል ውስጥ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ማግኔቱ እጄ ላይ ይቆማል፤ ተማሪዎቹ የረሳሁ ይመስላቸዋል።

በቀደም ልጄ ጠየቀችኝ። «አባ፣ እኔ ስወለድ የት ነበርክ?»

«ታስሬ።»

«ምን አድርገህ?»

«ለውጥ ብዬ።»

«ይሄማ በቴሌቪዥን ሁሌ ይባላል!» ብላ ሳቀች። የገንፎውንም ነገር ከእናቷ ሰምታለች። «የኔን ገንፎስ ማን በላው?»

«እስረኛው ሁሉ ተካፈለው።»

«አንተስ?»

«እኔ አልወረደልኝም» አልኳት።