ጉንጬ ውስጥ የሚያድረው ከረሜላ

ልጅ ሳለሁ፣ በከተማችን በአምበር መብራት የጠፋ እንደሆነ፣ የሰፈር ልጆች እልል እያልን የምንሮጠው ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ዘይነባ ሱቅ ነበር። ፋኖሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ በዚያ ጎርነን ባለ ድምፃቸው ተረት ሲጀምሩልን፣ ያኔ ሳሙናና ላምባ የሚሸተው ጠባብ ቤት እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ጫካ ይሆንብኝ ነበር። ተረቱ እስኪያልቅ ያልተኛ ልጅ ከረሜላ አለው። እኔ እቴ መች ልተኛ! ከረሜላዬን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ቤቴ እገባና፣ እሱ ቀስ እያለ ሲሟሟ፣ እኔም ከተረቱ ሰዎች ጋር ስሳፈፍ እናድራለን።

ጥርሴን ሲያመኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ከሰማች «ሁለተኛ እዚያ ቤት ድርሽ እንዳትይ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ያለ ተረት ደግሞ እንዴት ይመሻል? በአንድ በኩል ብቻ እያኘክሁ ክረምቱን ገፋሁት።

አንድ ምሽት እማማ ዘይነባ፣ ጅብ ቤት በእንግድነት ስለገባች ልጃገረድ እያወሩልን ድንገት አቆሙ። ፋኖሱን ወደ ፊቴ አስጠግተው፣ «ውይ በሞትኩት! ጉንጭሽ ምን ሆኗል? እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ። ከፈትኩ። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አስከፈቱን። ጥርሱ ያልጠቆረ፣ ያልተቦረቦረ ልጅ አልነበረም። «ያ ረቢ! በገዛ እጄ!» ብለው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ሳይ ተረቱ በቃ ቀረ ብዬ ልቤ ተሰበረ።

በማግስቱ እሳቸውና እናቴ ደብረ ማርቆስ ወሰዱኝ። እናቴ መንገዱን ሙሉ አላናገረቻቸውም። ሐኪሙ ሁለት ጥርሴን ነቅሎ፣ ድዴ የቋጠረው መግል ቢቆይ ኖሮ ለሕይወቴም ያሰጋ እንደነበር ሲናገር፣ እማማ ዘይነባ ጎንበስ ብለው «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። አፌ ጥጥ ነክሷል። እጃቸውን ይዤ ወደ ጆሮዬ ሳብኩት። ተረቱን ቀጥሉልኝ ማለቴ እንደሆነ ገባቸው።

ከዚያ ወዲህ በከረሜላው ፋንታ መፋቂያ ይሰጡን ጀመር። ግማሾቹ ልጆች ቀሩ፤ እኔ ግን ጥርሴን እየፋቅሁ ተረቱን ሰማሁ። የጅቡ ቤት ታሪክ እንዴት እንዳለቀ ዛሬ ጠፍቶብኛል። ያልጠፋብኝ ከሐኪም ቤት ስንመለስ የሆነው ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ድንዛዜው ሳይለቀኝ እማማ ዘይነባ ጭን ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ተረቱን ካቆሙበት ቀጠሉልኝ፤ ልጃገረዷ የጅቡ ቤት በር ጋ ስትደርስ ግን እናቴን ሰረቅ አድርገው አዩና ዝም አሉ።

እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።