አራስ ቤት ያልተጫንነው ቁልፍ

ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ ባለቤት እማማ፣ አልጋው ላይ የተኛችው አራስ ልጃቸው፣ ከጎኗ ገና ክርስትና ያልተነሣው ወንድ ልጇ፣ ሦስት አዲስ ሰልጣኞች፣ እና ሰልጣኞቹን የማስተምረው እኔ። ከሰልጣኞቹ አንዱ አንዋር መስጊድ አጠገብ ከአባቱ ጋር ጨርቅ የሚሸጥ ወጣት ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የመጋዘን ጠባቂ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሦስተኛዋ ከጎጃም በረንዳ የመጣች፣ ጆንያ እየሰፋች የምትተዳደር ሴት ናት። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ሥራችን ሕያው ቤተ ሙከራ ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ነጭ ካፖርትና ብልቃጥ ይታየዋል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አዲስ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃውን በራሳቸው ክፍል ሞክረው ከመጨረስ ይልቅ ሰው የሚኖርበት ቤት ያስገቡታል። ነዋሪዎቹ እየተጠቀሙበት የሚያስቸግራቸውን ይናገራሉ፣ ዕቃውም በዚያው ይታረማል። እኛ ግቢ የገባው ዕቃ ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ፣ ጭስ ሲደርስበት የሚጮህ ክብ ነገር ነው። ጯሂው እንለዋለን። ግቢያችን ጭድ ተራ ነው። ቤቶቹ በቆርቆሮ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው። እሳት ቢነሣ የማን ቤት ነው ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አይኖርም።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አሠልጣኝ ያደረገኝ ፍርሃቴ ነው። ከሰል አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ አየዋለሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ልቤ አያርፍም። ጯሂው ግቢያችን የገባ ጊዜ ጥያቄ ያበዛሁት እኔ ነበርኩ፤ ባትሪው ቢያልቅስ፣ ክረምት ጣሪያው ቢያፈስበትስ፣ ሰው ቤት ባይኖርስ። ሥራውን የሚመሩት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዶክተር የምንላቸው ሰው፣ «እንደ እርስዎ የሚፈራ ሰው ነው የምንፈልገው» አሉኝ። ሌሎች ግቢዎችም ሙከራውን ሲጀምሩ፣ እዚያ የሚያካሂዱትን አዳዲስ ሰዎች እኔ እንዳስተምር ሆነ።

የማስተምረው ብዙ አይደለም። ቤት ስትገቡ «ይሠራል ወይ?» አትበሉ፤ ሰው እንዳይከፋችሁ ብሎ «ተመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ትናንት ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተነገራችሁን እንደተነገረ ጻፉ፣ አታሳምሩት። ቅሬታ ሲነገራችሁ አትከራከሩ። በየሳምንቱ በየቤቱ የጯሂውን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑና ድምፁን በጆሯችሁ ስሙ። ሳትሰሙ «ሠርቷል» ብላችሁ አትጻፉ። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ነው የማስደግማቸው።

የጎጃም በረንዳዋ ሴት ሳላስደግማት የምትይዝ ዓይነት ናት። ጽሕፈቷ የተጣራ ነው፤ አንድ ቃል ከተሳሳተች ሰርዛ ከላዩ አትጽፍም፣ ገጹን እንደገና ትገለብጣለች። በመጪው ወር በእነሱ ሰፈር ሙከራ ሊጀመር ስለነበር፣ ሥልጠናውን ከጨረሰች የሚካሄደው በእሷ ነበር። የጆንያው አቧራ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ያስላታል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ፣ «እትዬ፣ ይኼ ከተሳካልኝ ጆንያ ዳግመኛ አልነካም» ብላኛለች። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ ሌላ ሰው የላትም።

እማማ ቤት ስንደርስ ከፀሐይ መምጣታችን ነውና እንዲበርድልን በር ላይ ትንሽ ቆምን። ከገባንም በኋላ የምናወራው በሹክሹክታ ነው። ጨርቅ ሻጩ ሕፃኑን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ምነው፣ ግድግዳ ልትለካ ነው የመጣኸው?» አሉት ጋሼ።

«ጋሼ፣ ዓይኔ ትልቅ ነው ይሉኛል። ነገ ልጁ ቢያለቅስ ማን ይታማል?»

«አይዞህ። ትልቅ ቢሆንማ ኖሮ ቅድም መንገድ ላይ የገጨህን ያን የሚያህል ጋሪ ታየው ነበር።»

አራሷ ሳቀችና ሆዷን ያዘች፤ «አታስቁኝ፣ ያመኛል።»

የጎጃም በረንዳዋ ሴት በርጩማ ላይ ወጥታ እጇን ወደ ጯሂው ዘረጋች። እማማ ወደ እሷ አልተመለከቱም፤ ወደ እኔ ነበር የተመለከቱት።

«እባክሽ ልጄ፣ አሁን ነው የተኛልን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው። ያ ነገር ሲጮህ ነፍስ ያወጣል።»

እማማ ሦስቱንም ልጆቼን ስወልድ አጠገቤ የነበሩ ሴት ናቸው። እናቴ በሌለችበት ገንፎ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። የአራስ ቤት ወግም አለ፤ ሕፃን የተኛበት ድምፅ አይሰማም። እኔ ራሴ ልጆቼ ሕፃን ሳሉ በር የሚያንኳኳ ሰው ልቤን ያቆመው ነበር።

«ተይው፣ ውረጂ» አልኳት።

«ቁልፉንስ?»

«ትንሿ መብራቱ እየበራች አይደል? ባትሪ አለው ማለት ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

«ሠርቷል በይ።»

በርጩማው ላይ እንደቆመች አየችኝ። «እትዬ፣ ሳልሰማው?»

«በእኔ ይሁን» አልኩ።

ወረደችና ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። ያኔ ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምንም ማለት አላስፈለገኝም። በር ላይ ቆመን መብራቱን አየን፣ ጻፈች፣ ሄድን።

በዚያው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን ነው፣ ሰባት ሰዓት ገደማ። ቤቴ ምስር እየለቀምኩ ጯሂው ሲጮህ ሰማሁ። የእማማ ጎረቤት ቤት ነበር የሚጮኸው። የግቢው ሰው ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ገብተን ምድጃውን አየን፣ አልጋ ሥር አየን፤ እሳት የለም። አንዷ «ይኼ ነገር ደግሞ ዛሬ በራሱ አበደ» አለች። ሌላው ባትሪውን እናውጣው አለ። የእማማ ቤት ጯሂ ስላልጮኸ ወደዚያ ያየ ሰው አልነበረም። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚገባውን ጭስ ያየሁት እኔ ነኝ። ከእማማ ቤት ነበር የሚመጣው።

እማማ ገበያ ወጥተው በር ተዘግቶ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ አንድ ሰው ያልጠፋ የከሰል አመድ ደፍቶ፣ እዚያ የተከመረው ጭድ የሞላ ጆንያ ውስጥ ውስጡን እየነደደ፣ ጭሱ ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቷል። በሩን ገፍተን ስንገባ አራሷ እንደተኛች ራሷን ስታ ነበር፤ እሷን ሌሎቹ ተሸከሟት። ሕፃኑን ከብርድ ልብሱ ጋር አንሥቼ ወጣሁ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በሰጋጆች ተሞልቶ ነበር፤ ሕፃኑን ሲያዩ ምንጣፋቸውን እያጠፉ አሳለፉን። ስሮጥ ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው። ቀና ብዬ ለማየት ፈርቼ ነበር።

እናትና ልጅ ተረፉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሱ። በኋላ የእማማን ጯሂ አውርደን ክዳኑን ስንከፍት፣ ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ በጥጥ ተጠቅጥቆ በፕላስተር ተለጥፎበታል። እማማ አልካዱም። «የወለደች ዕለት ነው ያደረግሁት። እንቅልፉ ብቻ ነው የታየኝ» አሉ። ያኔ ቁልፉን አንድ ጊዜ ብንጫን ኖሮ እዚያው እናውቀው ነበር።

ሰኞ ዶክተር ሁላችንንም በዕድሩ ቤት ሰበሰቡን። የሳምንቱን ደብተር ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ።

«ሦስት ሳምንት ተከታታይ ሠርቷል ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ድምፁን ሰምተሽ ነው?»

«አልሰማሁም።»

ቆመው ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ ያን ማድረግ እንኳ አልፈለገችም። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨርቅ ሻጩ ጫማውን ያያል። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልጆቼን አሰብኩ። ግቢው እስከ ዛሬ እኔን ይሰማ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ማን ይሰማኛል ብዬ አሰብኩ። እማማንም በሰው ፊት ማዋረድ ይሆናል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። እንደዚያ እያሰብኩ ጊዜው አለፈ።

«ሰው ቤት ገብተን የምንሠራው ሥራ ነው። ያልሰማችውን ለምትጽፍ ሴት አንድ ሰፈር ላስረክብ አልችልም» አሉ ዶክተር። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ደብተሯንና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በአጠገቤ ስታልፍ ዝቅ ብላ፣ «ልጁ እንዴት ነው እትዬ?» አለችኝ። «ደኅና ነው» አልኳት። «ተመስገን» ብላ ወጣች።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ጨርቅ ሻጩ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«እትዬ፣ እኔ ዝም ያልኩት እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው። አሠልጣኜ ነዎት፤ ቀድሜዎት መናገር ነውር መሰለኝ። ጋሼም እንደዚሁ ናቸው፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብለውኛል። ግን እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?»

«ዛሬ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ቢመሽስ?»

«አሁን እሄዳለሁ።»

ነጠላዬን ለብሼ ዶክተር ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውረጂ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሠርቷል በይ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ ይሁን ብዬ ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ፣ «እሷን ይዘውልኝ ይምጡ። ቦታዋ ይቆያታል። የእርስዎን ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ እናያለን» አሉ። እኔን ቢያባርሩኝም አይገርመኝም ነበር። አላባረሩኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬን ሌላ ሰው ያየዋል፤ ልክ ነው።

ከዶክተር ዘንድ ወጥቼ በቀጥታ ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። ጆንያ የሚሰፉበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ሰፊዎቹ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ እንዲነሡ ተደርገው ነበር። ከታጠረው ፊት ለፊት ያሉት ባለ ሱቆች ግማሾቹ ኮልፌ ሄደዋል አሉኝ፣ ግማሾቹ ወደ አገራቸው። ተከራይታ የነበረችበት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ልጇ የምትማርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ መልቀቂያ ወስዳለች፣ የት እንደሆነ አላስመዘገበችም አሉኝ። ስልኳ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲህ ወር ባለፈ ቁጥር እየሄድኩ እጠይቃለሁ። የእነሱ ሰፈር ሙከራ እስካሁን አልተጀመረም፤ ዶክተር እንዳሉት ቦታዋ አለ።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ መልኳን ግን ልንገራችሁ፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ስትናገር ደረቷን በመዳፏ ትይዛለች፤ ደረቅ ሳል አላት። የግራ እጇ አመልካች ጣት ላይ የጆንያ መርፌ የወጋው ጠባሳ አለ። ከእሷ ጋር ፀጉሯ በሁለት የተጎነጎነ፣ ስምንት ዓመት የሚሞላት ሴት ልጅ አለች። እንዲህ ያለች ሴት ጎረቤታችሁ ካለች፣ ወይም አብራችሁ የምትሠራ ካለች፣ የት እንዳለችና ደረቷ እንዴት እንደሆነ ጭድ ተራ መጥታችሁ ወይም ሰው ልካችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።