ሥሩ እንዲገባ

ኮምፒዩተር ላይ መሣል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ዋሸሁ፣ ለመቁጠር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፖስተር ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እሷ የወሎ ልጅ፣ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከብ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሱንድቢበሪ ከተማ፣ እኔ ቤት እየመጣች ተማረች።

አንድ የእርሻ አውደ ርዕይ የፖስተር ውድድር ሲያወጣ ሁለታችንም ገባን። የሚሣለው አንዴ ተዘርቶ ለዓመታት የሚታጨድ የስንዴ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ከሰው ቁመት በላይ ወደ መሬት ይወርዳል። ያሸነፈው ፖስተር ባቡር ጣቢያው ውስጥ ይሰቀላል። እኔ ወርቅ የመሰለ ማሳ ሣልኩ፤ ከፊቱም በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ። እህል ያለ ሞፈርና ቀንበር እንዴት ብሎ ይታየኝ?

እሷ አይታው በሬዎቹን በጣቷ ነካች። "እህትዬ፣ አትቀየሚኝና ይሄ እኮ በየዓመቱ አይታረስም። ከታረሰማ ሥሩ ይበጣጠሳል" አለችኝ።

ቀናችብኝ አልኩ በልቤ። በሬዎቹን ይበልጥ አደለብኳቸው።

የሷ ፖስተር ቀጭንና ረጅም ነበር። ከላይ ጣት የምታህል ዛላ፣ ከዚያ በታች እስከ ወለሉ ድረስ ሥር ብቻ። አሸነፈች። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ እኔን የጀመረኝ ከመንጋጋዬ ነው። ጥርሴን ነክሼ ስስቅ ሰነበትኩ።

ፖስተሩ የተሰቀለ ዕለት ጣቢያው ድረስ ይዛኝ ሄደች። "ፎቶ አንሺኝ፣ ለእናቴ ልላክላት" አለች። ከወገቧ በላይ አነሳኋት። ዛላዋ ገባች፣ ሥሩ ቀረ። አውቄ ነው።

ስልኩን ተቀብላ አየችው። "ወላሂ አምሮብኛል። ግን ሥሩ የለም። ድገሚኝ እስቲ" አለች። ፊቷ ላይ ቅንጣት ቂም አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ወደ ኋላ እንዳልሸሽ ሐዲዱ ነው። ቆሜ ሞከርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ በዚያ ሁሉ መንገደኛ መሃል ተማሪዬ ፊት ተንበረከክሁ። ያኔ ሥሩ እስከ ጫፉ ገባ።