የሸጥኩት ቀትር

ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ልሠራ የገባሁ ቀን ካቦው ጋሽ በቀለ «ጓንት የሚባል ነገር የለም፤ የሚዞር ቶርኖ ጓንቱን ከያዘ እጅህን ጨምሮ ነው የሚወስደው» አሉኝ። ቀጥለው ሰዓቱን ነገሩኝ። ከጠዋቱ አንድ እስከ አምስት ተኩል፣ ከዚያ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል። መሃሉ በድሬ ሙቀት የመኝታ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተኛሁ። ሦስተኛው ልጅ ተወልዶ የቤት ኪራይ ሲጨምር ደመወዜ ወር አላደርስ አለኝ። ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ያለ የከባድ መኪና ጋራዥ ቶርኖ ነበረው፤ ቀትር ቀትር እዚያ ቡሽና ሻፍት የሚባሉ የመኪና ብረቶች እቆርጥ ጀመር። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ፣ ተኝቶ እንደተነሳ ሰው ወርክሾፕ እገባለሁ።

አብዲ የሚሠራው ከጎኔ ባለው ማሽን ነበር። ሚስቱ ስታረግዝ «ወሪያ አንተ፣ ለኔም ፈልግልኝ እንጂ» አለኝ። ጋራዡ ወስጄ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን መናገር ዛሬም ያመኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ቶርኖው እየዞረ አብዲ ቆሞ አንቀላፋ። የሚዞረው ሻፍት እጅጌውን ጠቀለለው። ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁ፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ግን ሄደዋል። ይዘነው ስንወጣ በጆሮዬ «ጋራዡን እንዳታነሳ፣ ሁለት ቦታ እንደምሠራ ካወቁ ያባርሩኛል» አለኝ።

አጣሪዎች መጡ።

«አብዲ ቀትር ላይ የት ነበር?»

«ቤቱ ተኝቶ ነበር» አልኩ።

ጋሽ በቀለ ትክ ብለው አዩኝና ዝም አሉ።

ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ውሳኔው ሲለጠፍ «በቂ እረፍት አግኝቶ ሳለ፣ በራሱ ቸልተኝነት» ይላል። ካሳ ተከልክሎ ተሰናበተ።

ጋሽ በቀለን «ውሸቴን እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«እኔስ ቀትር ላይ የምተኛ መስሎህ ነው? ታይዋን ገበያ ሱቅ የምጠብቀውን ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው?»

አብዲ ቤት ሄድኩ። አራስ ልጁን በግራ እጁ አቅፎ ተቀምጧል። ይቅርታ ልለው ስጀምር «አቦ ተወው፣ ዋሽልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቀትር የጋራዡ ባለቤት «ያ ልጅ እንደቀረ ቀረ እንዴ?» አለኝ። «ቀረ» አልኩና የሱንም ሥራ ጨርሼ ዘጠኝ ሰዓት ወርክሾፕ ተመለስኩ።

ሰው ሁለተኛ ሥራ የሚይዘው አንዱ ስለማያኖረው ነው። ቶርኖ ላይ ለምትቆሙ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እንቅልፍ የያዛችሁ ቀን ማሽኑን አታስነሱ። እኔ ጡረታ እስክወጣ አስነሳሁ።