የምትስቀው ሐዘንተኛ

አባባ ሸማኔ ናቸው። እናቴ ስትፈትል፣ እሳቸው ሲሸምኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ከሽመናው ጉድጓድ ወጡና አልተመለሱም። ሙት ዓመቷ አልፎ እንኳ ጋቢያቸውን እንዳዘቀዘቁ ነበሩ። ለሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል፤ ለደህና ቀን ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ዘንድ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጎረቤቱ ሁሉ “ላያስችል አይሰጥም” ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ “ሐዘን ሲበዛ ከፈጣሪ ጋር መሟገት ነው፣ ይብቃዎት” ብለዋቸው ነበር። “እሺ አባቴ” አሉ፤ ጋቢው ግን እንዳለ ቀረ።

እኔ እዚሁ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሣጥን ውስጥ የቀሩትን የአባባን ነጠላዎች ፎቶ እያነሣሁ በአንድ የኢንተርኔት ገበያ ላይ አወጣሁ። ልቤ ሽያጩ ላይ አልነበረም። ሰው ከሩቅ “ይህን የሠራው ማን ነው? ሌላ ይሠራልኛል?” ብሎ ቢጠይቅ ምናልባት አባባ ይነሣሉ ብዬ ነው። ማንም አልጠየቀም። ገበያው ቪዲዮ ያለውን ዕቃ ከላይ እየደረደረ የእኔን ፎቶዎች ከታች ቀብሯቸዋል።

“አባባ፣ ሲሸምኑ ልቅረጽዎት?” ብላቸው “እኔን አይቶ ማን ይገዛል፣ ሰው ይሸሻል እንጂ” አሉኝ። እኔ ራሴ ደግሞ ካሜራ ፊት ስቆም ጥርሷን የታመመች ሴት እመስላለሁ። ስለዚህ ፎቶ ሲሰጡት ቪዲዮ ሠርቶ የሚያወጣ አፕ ስልኬ ላይ ጫንሁ።

ነጠላውን ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልሁት። ጥለቱ ከታች ሲሆን ነፋሱ እያጠፈው አልታይ ስላለኝ ገልብጬ ከላይ አደረግሁትና አነሣሁ። የማርቆስን ነፋስ የሚያውቅ አይፈርድብኝም። አፑ መጀመሪያ አንዲት ቆንጆ ሴት ነጠላውን አልብሶ ባሕር ጠረፍ ላይ አቆመልኝ። እኔ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥሁ ባሕሩን አጠፋሁት። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ ፊት አቆማት። ዞር ትላለች፣ ፀጉሯን ታወዛውዛለች፣ ትስቃለች። የአባባ ጥለት ከአገጯ ሥር ቦግ ብሎ ይታያል። ደስ አለኝ፣ ደጋግሜም አላየሁት። ወዲያው ለጠፍሁትና አባባን ላሳያቸው ሄድሁ።

አባባ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አዩ።

“ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?” አሉ።

“ምን ሞት አመጣው አባባ? እየሳቀች እኮ ነው።”

“እሱ ነው የገረመኝ። አዘቅዝቃ ለብሳ ትስቃለች።”

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። እኔው ገመድ ላይ የገለበጥሁትን አፑ እንዳለ አልብሷታል፤ ያቺ አገሯ የማይታወቅ ሴት ከቀብር የመጣች መስላ ጥርሷን ታሳያለች። ከሥሩ ሰዎች መጻፍ ጀምረዋል። አንዷ “ነፍስ ይማር፤ ግን ምኑ ነው የሚያስቀው?” ብላለች። ያን ያህል ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ስመኝ ኖሬ የመጣልኝ ይህ ሆነ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

“ሰው አይደለችም አባባ፣ ማሽን የሠራት ናት” አልኋቸው።

“ታዲያ የሚሞትበት የሌለው ምን ብሎ ያዝናል?” ብለው ተቆጡ። አባባ ሲቆጡ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ደነገጥሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። “አሁኑኑ አጥፊው። ነጠላውን አምጪና ስልክሽን እዚያ አቁሚው። እኔ አለብስሻለሁ።”

ቪዲዮውን አጥፍቼ ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፌ ካሜራውን ከፈትሁ። አባባ ነጠላውን አራገፉ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ትከሻዬ ላይ ጣሉት፣ ጫፉንም በግራ በኩል መለሱልኝ። “እናትሽ እንዲህ ነበር የምትለብሰው” አሉ። ሳያለቅሱ ስለ እሷ ሲያወሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አፑ ከቪዲዮው መጀመሪያና መጨረሻ የማይረባውን ቆርጦ አሳጠረልኝ፤ አብረን አየነው። እኔ ቆሜያለሁ፣ ጥለቱ ወደ እግሬ ወርዷል። ከጎኔ አንድ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ የልጃቸውን ነጠላ ያስተካክላሉ። አባባ ጺማቸውን እንኳ በዳሰሳ ነው የሚቆርጡ፣ መስታወት አያዩም። “ድገሚው” አሉኝ፤ ደገምሁላቸው።

“እኔ እንዲህ ነኝ?” አሉ።

“አዎ አባባ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ።”

ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢውን ከላያቸው አወረዱና በእጃቸው ይዘውት ቆሙ፤ ሐሳባቸውን የቀየሩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥለቱን ወደ ታች አዞሩና መልሰው ለበሱት። ትከሻቸው ላይ አልመች ብሏቸው ወዲያ ወዲህ አደረጉት።

“እንደገና አንሺኝ” አሉ።

ስልኩን በርጩማው ላይ ማስደገፍ ትቼ በእጄ ይዤ አነሣኋቸው። ስጨርስ አፑ “ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ላስተካክለው?” ብሎ ጠየቀኝ። እምቢ አልሁት፤ እንደተንቀጠቀጠ ለጠፍሁት።